ስለ በለስ አጥራችን
(በቅሬያችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ በለስ ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል፣ በእሾሁ እየተወጋን ያደግንበት» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን ሳልናገር የማላልፈው ጉዳይ አለብኝና ታገሡኝ።

እኛ ሁላችን ቅጠል የምንለው ጠፍጣፋው ነገር ቅጠል አይደለም፤ ግንዱ ነው። በመዝገብ ቤት አነጋገር፣ በማይመለከተው ፋይል ገብቶ የኖረ ነው። እውነተኛው ቅጠል በለጋው ላይ ብቅ ብሎ ወዲያው የሚረግፈው ጥቃቅኑ ነው። እሾሁም ከቅጠል የተለወጠ ነው። ግንዱ እንዲህ ተዘርግቶ የቅጠሉን ሥራ ይሠራል፣ ውሃም ያጠራቅማል። ፀሐይ ስትበረታ መተንፈሻውን ዘግቶ ይውልና ማታ ይከፍተዋል። የቆቦ ሜዳ ሙቀት ያልበገረው ለዚህ ነው። በሩቁ የሰለሞን ደሴቶችም ግንዱ እንደ ጥብጣብ የተዘረጋ፣ ለጌጥ የሚተከል ቁጥቋጦ አለ፤ የእኛው ግን ዘሩ ከሜክሲኮ ነው። የባሕር ቁልቋል የሚለው ስሙ ራሱ እንግዳነቱን ይናገራል።

እንግዳ ሆኖ መጥቶ ግን ቤተሰብ ሆነ። በ1977ቱ ድርቅ እኛ ቤት የተረፈችው አንዲት ላም እሾሁ በእሳት እየተለበለበላት ይህንኑ እየበላች ነው የከረመችው። ብቻውን ሲሰጣት ያስቀምጣት ነበር፤ እናቴ ከቤቱ ክዳን ሣር እየመዘዘች፣ እየቀላቀለች አዳነቻት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቀይ ቀለም ይገኝበታል ተብሎ ኮችኒያል የሚባል ተባይ ከውጭ ወደ ትግራይ ገባ። ከቁጥጥር ወጣና በራያ አዘቦና በአላማጣ በኩል ስንቱን በለስ አደረቀው። ሴቷ ግንዱ ላይ ተጣብቃ ጭማቂውን ትመጥጣለች፤ ላይዋ እንደ ጥጥ ነጭ ነው፣ በጣት ስትጨፈለቅ ግን ደም የመሰለ ይወጣታል። ጫጩቶቿን ነፋስ ይወስዳቸዋል።

ካቻምና ዋጃ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ስመለስ ለተከላ ብዬ ሦስት ግንድ ይዤ መጣሁ። ነጩ ነገር አቧራ መስሎኝ ነበር። ዛሬ የእኔ አጥር ደርቋል። ፍየሎቿን በዚሁ የምታኖረው የጎረቤቴ አጥርም ነጭ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በቅሬያችን ዕቃ ቤት አጥር ላይ አየሁት። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይታማ ብዬ ነው በአደባባይ የምናገረው።

እንግዲህ የተያዘውን ቆርጦ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው እንጂ በየመንገዱ መጣል አይሆንም፤ የወደቀው ሥር ያወጣል፣ ተባዩም አብሮ ይኖራል። ገና ጥቂት ነጥብ ከሆነ በሳሙና ውሃ እያሹ ማጠብ ነው። አዲስ የሚተክልም ንጹሑን መርጦ፣ የተቆረጠበት እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር ያቆየው፤ በእርጥቡ ከተተከለ ይበሰብሳል።

ቅሬያችን ሰው እንጂ ቁልቋል ቀብሮ አያውቅም፣ ይገባኛል። ቢሆንም ለመጪው ቅዳሜ ዶማውና አካፋው ከዕቃ ቤት እንዲወጣ የቅሬውን ዳኛ እለምናለሁ። ቁፋሮውን ከእኔ ግቢ እንጀምር። ለጎረቤቴ ፍየሎች እስከ ክረምት ድረስ የማሽላ አገዳውን እኔ እችላለሁ።