ስሟ ከመዝገብ የተሰረዘ ሴት



በነባር ሕዝቦች ዘንድ ስላለው የጋብቻና የቤተሰብ መብት አጥንቼ እንድናገር ስመደብ «እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሕግ ነገር አይሆንልኝም» ብዬ ነበር። ሰብሳቢያችን «መዝገብ ማንበብ ታውቂ የለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ነገሩን የመዝገብ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት።

የመረጥኩት ካናዳን ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1876 በወጣው «ኢንዲያን አክት» በተባለው ሕግ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወለደች ሴት የውጭ ሰው ካገባች ስሟ ይሰረዝ ነበር። ልጆቿም አይመዘገቡም። ወንድሟ የውጭ ሴት ቢያገባ ግን እሱ እንዳለ ይቆያል፤ ያመጣት ሚስትም ትመዘገባለች። የተሰረዘችው ባሏን ብትፈታ እንኳ በትውልድ መንደሯ ቤት የማግኘት መብት የላትም። ስትሞትም ከወላጆቿ አጠገብ መቀበር ትከለከል ነበር። እድር ላለን ሰዎች ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም።

ሳንድራ ላቭሌስ የተባለች የማሊሲት ተወላጅ በ1970 እንዲህ አግብታ ተሰረዘች። ትዳሯ ሲፈርስ ልጇን ይዛ ቶቢክ ወደሚባለው መንደሯ ብትመለስ ቤት ተከለከለች። በ1977 ለተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ አቤት አለች። የመንደሯ ሴቶችም ዝም አላሉም፤ በ1979 ልጆቻቸውን አስከትለው 160 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጉዘው ኦታዋ ገቡ። ኮሚቴው በ1981 ፈረደላት፣ ሕጉም በ1985 ተሻሻለ።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ሴቶቹን ከተቃወሙት መካከል የገዛ ወገኖቻቸው መሪዎች ነበሩበት። መንግሥት በዚህ ሰበብ ያለችንን መብት ይነካብናል ብለው ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸውን አልንቅም። ነገር ግን ያ የስረዛ ደንብ ድሮውንም ከመንግሥት የመጣ እንጂ የአያቶቻቸው አልነበረም። በሞሃውክ ሕዝብ ዘንድ ለምሳሌ ጎሳ የሚቆጠረው በእናት ነው!

የቤቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚያም ዘገየ። ባልና ሚስት ሲፋቱ ንብረት የሚከፋፍለው የክፍለ ሀገር ሕግ ለነባር ሕዝቦች በተከለለ መሬት ላይ እንደማይሠራ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ወሰነ። ክፍተቱን የሚሞላ ሕግ የወጣው በ2013 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ያልተዘጋ ሂሳብ።

ይኼን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ከባሏ ስትለያይ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቤቱ በእሱ ስም ስለሆነ ለእሱ ይሁን ተባለ፣ እሷም ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ምን ላይ እንዳተመች የነገራት የለም። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አንዱ የክርስትና አባቴ ናቸው።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 የጋብቻና የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደው ግን ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ሲስማሙ ነው። እዚህ አዲስ አበባ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 63 ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ይላል። አክስቴ ይኼን ብታውቅ ጣቷን ከማንከሯ በፊት አንድ ጥያቄ ትጠይቅ ነበር።

የእኛን የብድር ቅጽ ላንሳ። ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ስለሚያስፈልግ የባል ፊርማ እንጠይቃለን፤ አንዳንዶቻችሁ በዚህ ስትቆጡ ሰምቻለሁ። አንቀጽ 68 ግን ለእሱም እኩል ይሠራል። እሱ ሲበደር፣ ወይም የጋራ ቤታችሁን ሊሸጥና ሊያስይዝ ሲነሣ የእናንተ ስምምነት ያስፈልገዋል። ስንቶቻችን ተጠይቀን እናውቃለን?

የቤት ካርታ ወይም የጋብቻ ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ከቡናው በኋላ በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ አለሁ። መነጽሬንም ይዣለሁ።