የዋረን ቤተ ሰብና የሐይቁ ዳር አሸዋ



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ቀደምት አባቶች ያቆዩልንን ስናስብ፥ በሩቅ አገር አንድ ቤተ ሰብ ለማያውቀው ትውልድ ያቆየውን ርስት በአጭሩ ልነግራችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ፥ በሚሺጋን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር፥ ነፋስ የከመረው የአሸዋ ኰረብታ አለ፤ ከፍተኛው ከሐይቁ በላይ 73 ሜትር ያህል ነው። ስፍራው በዋረን ቤተ ሰብ ስም ይጠራል።

በ1858 ዓ.ም. ዋተርስ ዋረን የሚባል ሰባኪ ቤተ ሰቡን ይዞ ከቬርሞንት ወደ ስሪ ኦክስ መንደር መጣ፤ ልጁ ኤድዋርድ ያን ጊዜ ብላቴና ነበረ። ኤድዋርድም አድጎ ነጋዴ ሆነ። በዚያ ዘመን የሴቶች ኮርሴት የሚጠነክረው ከዓሣ ነባሪ አፍ በሚገኝ፥ አጥንት እየተባለ በሚጠራ ውድ ነገር ነበረ። እርሱ ግን አቧራ ማራገፊያ ከሚሠራበት ቤት የሚጣለውን የላባ አገዳ አይቶ፥ በ1883 ዓ.ም. አጥንቱን የሚተካ ዕቃ አበጀበት። ሌላው የጣለው ላባ ለርሱ ሀብት ሆነው።

በመሬትም እንዲሁ አደረገ። ገና ሳይበለጽግ፥ በ1870ዎቹ ዓመታት፥ ጎረቤቱ ሁሉ ዛፍ ሲቈርጥ እርሱ ምሳር ያልነካውን ደን ገዛ። ኋላም የሐይቁን ዳር አሸዋ ጨመረ። አሸዋው እህል አያበቅልምና ብዙዎች ከንቱ ግዢ ነው አሉ። እርሱ ግን ያሰበው ለሚመጣው ትውልድ ነበረ። በ1917 ዓ.ም. መሬቱን በዐደራ የሚይዝ ድርጅት አቆመ፤ በ1919 ዓ.ም. ዐረፈ። የሐይቁ ዳር በ1930 ዓ.ም. የሕዝብ መናፈሻ ሆነ፤ ዛሬ ስፋቱ 790 ሄክታር ያህል ነው።

ነገር ግን ርስቱ በመሰጠቱ ብቻ አልዳነም። አሸዋውን ነፋስ እንዳይበትነው የሚይዘው ሥሩ የጠለቀ ሣር ነው። ሣሩ በእግር ብዛት ሲረገጥ ይሞታል፤ ነፋሱም ኰረብታውን ይቦረቡራል፤ የተነሣው አሸዋ ከኋላው ያለውን ዛፍ ይቀብራል። ስለዚህ ያን ስፍራ ጠላት ባይነካው እንኳ የሚወዱት ሰዎች ሊያጠፉት ይችላሉ። ጎብኚው በተቀደደለት መንገድ ብቻ ቢሄድ ግን ሣሩ ይኖራል፤ ሣሩ ከኖረ ኰረብታው ይቆማል።

እንግዲህ ወገኖቼ፥ ዋረን ደኑን ከምሳር፥ አሸዋውንም ከሰው ንቀት አዳነ፤ ከእግር የሚያድነው ግን በየዕለቱ የሚመጣው ሰው ነው። ርስትን የሚሰጥ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሚጠብቀው ግን ተቀባዩ ሁሉ ነው።