እንዶድና ሊቁ፤ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ
የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር



 የንግግራችን አርእስት ኬሚስትሪ ነው። ኬሚስትሪ ሲባል በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ፊደልና ቁጥር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን በየአጥሩ ከሚበቅለው ከእንዶድ ተነሥተን፥ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ የፈጸሙትን ሥራ ልንነግራችሁ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የደብረ ታቦር ልጅ ለማዕድን ጥበብ እንግዳ አይደለም። ከከተማችን አጠገብ ባለው በጋፋት በ1860ዎቹ ዓመታት ዐፄ ቴዎድሮስ ነሐስ አስቀልጠው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተዋል። ማዕድን በእሳት ሲቀልጥ መሣሪያ እንደሚሆን ቅድመ አያቶቻችን በዓይናቸው አይተዋል። ነገር ግን ማዕድን ሌላም ጠባይ አለው። በከሰል፥ በስኳርና በዘይት ውስጥ ከሚገኘው ከካርቦን ጋር ሲጣመር ፈጽሞ ይለወጣል። ይህን የሚመረምረው የትምህርት ክፍል ኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪ ይባላል።

እንዲህ ያለው ውሁድ ለሕይወት የሚያስፈልግም፥ ሕይወትን የሚያጠፋም ሊሆን ይችላል። ለደማችን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 በሰውነታችን ውስጥ ሥራውን በሚሠራበት ጊዜ፥ ኮባልት የተባለው ማዕድን ከካርቦን ጋር ተጣምሮበት ይገኛል። በሌላው በኩል፥ በ1950ዎቹ ዓመታት በኔዘርላንድ አገር ፕሮፌሰር ቫን ደር ኬርክና የሥራ ጓደኞቻቸው ቲን የተባለው ማዕድን በተወሰነ መንገድ ከካርቦን ጋር ሲጣመር ሻጋታን የሚገድል ብርቱ መርዝ እንደሚሆን አሳዩ። ከዚያም በ1960ዎቹ ዓመታት ይህ የቲን መርዝ የውሃ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት ተሞከረ።

ቀንድ አውጣ ምን በደለና ይገደላል? የሚል ጥያቄ ሳይነሣባችሁ አይቀርም። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 በካይሮ በሰው ደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል አገኘ፤ በሽታውም በስሙ ቢልሃርዝያ ተባለ። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ዓይነት ዕንቁላሉን ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ያወጣል። ዕንቁላሉ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ከገባ ይፈለፈላል፤ ግልገሉም በውሃ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ገብቶ እጅግ ይበዛል። ከዚያ ወጥቶ በውሃ ውስጥ የቆመውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መንገዱ ተቋረጠ ማለት ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ፤ ቢልሃርዝያም በጣና ዙሪያ የታወቀ በሽታ ነው። ደገኛው ልጅ ለሥራ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ቆላ ሲወርድ፥ ውሃውን አይቶ ደስ ብሎት ይገባል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለምን? ትሉ በሚገባበት ሰዓት ቁስል ላይታይ ይችላል፤ በሽታው ሲቆይ ግን ጉበትን ይጎዳል፥ ልጅን ከትምህርት ገበታው ያስቀራል።

አሁን ወደ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንመለስ። ዶክተር አክሊሉ በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ ተምረው በ1964 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በዚያው ዓመት፥ ገና 30 ዓመት ሳይሞላቸው፥ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣዎች ለመመርመር ወደ አድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተገኙ። ዶክተር አክሊሉም በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው፥ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከእንዶዱ አረፋ እንድትጨምርበት ለመኑ። ጥቂት ቆይቶ ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው፥ ደማቸው ፈስሶ ሞቱ።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ። በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈ ሰው ሁሉ አረፋውን አይቶአል። እሳቸው ግን «ለምን?» ብለው ጠየቁ፤ ጠይቀውም አልቀሩ፥ በዚያው ቦታ ፈተኑ። የሳይንስ መጀመሪያው ይህ ነው።

እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድለው በምን ኃይል ነው? ፍሬው ሳፖኒን የተባለ ቅመም አለበት። የሳፖኒን አንደኛው ወገን የስኳር ዘር ስለሆነ ውሃን ይወዳል፤ ሁለተኛው ወገን ግን ቅባትን ይወዳል። ስለዚህ በአንድ በኩል እድፉን፥ በሌላ በኩል ውሃውን ይዞ ከልብስ ያስለቅቃል፤ አረፋውም የሚመጣው ከዚሁ ጠባዩ ነው። የሕያዋን ሴል ስስ ሽፋንም ከቅባት የተሠራ ስለሆነ ሳፖኒን ያፈርሰዋል። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የነበሩ ኬሚስቶች ከእንዶድ ፍሬ ዋናውን ገዳይ ቅመም ለይተው ባወጡ ጊዜ፥ በዶክተር አክሊሉ አባት ስም ለማቶክሲን ብለው ጠሩት። የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም በኬሚስትሪ መዝገብ ሲገባ ማየት የሚያኮራ ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ እየተጨመረ ተፈተነ። በከተማው የቢልሃርዝያ ሕመምተኛ ቁጥር ከመቶ 63 ወደ 34 ዝቅ አለ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ልዩ ልዩ የእንዶድ ዘሮችን ሰብስበው በማወዳደር፥ ኃይለኛውንና ብዙ ፍሬ የሚሰጠውን እንዶድ 44 የተባለውን ዘር መረጡ።

ይሁን እንጂ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በኢትዮጵያ ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በቂ ሆኖ አልተቆጠረም፤ የእንዶድ መርዛማነት በታወቁ ዓለም አቀፍ ቤተ ሙከራዎች እንደገና ይመርመር ተባለ። መድኃኒትን መመርመር ተገቢ ነው፤ ደህንነቱ ያልተረጋገጠ ነገር በሕዝብ ውሃ ውስጥ አይጨመርም። ነገር ግን ምርመራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለሆነ፥ ድኻ አገር ከደጁ ያገኘውን ለመጠቀም ብዙ ዓመታት ጠበቀ። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የስዊድን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ኋላም በአሜሪካ በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑትን ባለ ዛጎል እንስሳት እንደሚገድል ስለታወቀ፥ የፈጠራ መብት ተጠየቀበት። እናቶች ለብዙ ዘመን ያወቁት ዕውቀት የማን ነው? የሚለው ክርክርም ከዚህ ተነሣ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

ስለ ቲኑ መርዝ የጀመርነውንም እንጨርስ። በመርከብ ቀለም ውስጥ ተጨምሮ በባሕር ላይ ስለተሠራበት፥ በ1970ዎቹ ዓመታት ፍጻሜ በፈረንሳይ አገር የአርካሾን ባሕር ዳር ኦይስተሮችን አበላሸ። በ2001 በዓለም አቀፍ ስምምነት በመርከብ ላይ እንዳይቀባ ተወሰነ፤ ውሳኔውም በ2008 ጸና። እንዶድ ግን በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀን ፈርሶ ይጠፋል። ይህን ያልነው የአገር ነገር ሁሉ ደግ፥ የፋብሪካ ነገር ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። እንዶድም ዓሣ ይገድላል፤ ስለዚህ ማንም ተነሥቶ በጉማራ ወይም በርብ ውስጥ ሊበትነው አይገባም። የኬሚስትሪ ዕውቀት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ምን ያህል፥ የት፥ ለስንት ጊዜ የሚለውን የሚመልስ እርሱ ነው።

ዛሬ የቢልሃርዝያ ዋናው መከላከያ ፕራዚኳንተል የተባለው ክኒን ነው፤ እንዶድ እንደታሰበው በሰፊው አልተሠራበትም። ክኒኑ ትሉን ይገድላል፤ ነገር ግን የዳነው ልጅ ነገ ወደዚያው ውሃ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል፤ የቀንድ አውጣውም ነገር ገና አላለቀም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፥ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የምታውቁትን አትሰውሩባቸው። የትኛው ቅጠል እድፍ ያስለቅቃል፥ የትኛው ፍሬ ዓሣ ያሰክራል ብለን ስንጠይቃችሁ፥ ልጅነት ነው ብላችሁ አትለፉን። መምህራኖቻችን ሆይ፥ መጽሐፉን ካስተማራችሁን በኋላ ወደ ወንዙም ውሰዱን። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምንሄደው የእናቶቻችንን ዕውቀት ለመርሳት ሳይሆን፥ በሚዛንና በመስፈሪያ መርምረን ለእነርሱው ልንመልስላቸው መሆን አለበት። አድዋ ላይ አረፋውን በዕቃው ውስጥ የጨመረችው እናት በዚያ ምርመራ ውስጥ ተካፋይ ነበረች፤ ስሟ ግን በሽልማቱ ላይ አልተጻፈም። እርሷን የሚያስታውስ ኬሚስት ከመካከላችን እንዲወጣ እንመኛለን።