ሥርዓት ሲለወጥ አስተሳሰብም ይለወጣልን?



የመረጥነው ርእስ ከሩቅ አገር የመጣ ቢመስልም፣ መመርመሪያው ግን እዚሁ በቦንጋና በዙሪያዋ ይገኛል።

ካርል ማርክስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ፣ ሰዎች ኑሯቸውን የሚያገኙበት መንገድ እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ሕግና መንግሥት፣ ሃይማኖትና አስተሳሰብም በዚያ ላይ የቆሙ ናቸው ብሎ ያስተምራል። የማምረት ኀይል አድጎ የቆየው የንብረት ሥርዓት ሲጠበው መሠረቱ ይናወጣል፤ መሠረቱ ሲለወጥም በላዩ ያለው ሁሉ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ይለወጣል ማለቱ ነው። እኛም ይህን ትምህርት በካፋ ታሪክ እንመዝነው።

በጥንቱ የካፋ መንግሥት ለየወገኑ ሥራና ደረጃ ተመድቦለት ነበር። ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን በአደን ይተዳደሩ፣ የመንግሥቱንም በሮች ይጠብቁ ነበር። ሌላው ሕዝብ ግን የጉሬዛና የሌላም የዱር እንስሳ ሥጋ ይበላሉ በማለት በአንድ ገበታ አይቀርባቸውም፣ ከቤቱ አያስገባቸውም፣ በጋብቻም አይዛመዳቸውም ነበር። በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ወደ ካፋ ዘመተ፤ ከወራት ውጊያም በኋላ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ። በዚህ ጊዜ ሥርዓቱን የለወጠው የማምረት ኀይል እድገት ሳይሆን ጠመንጃ ነበር። የበር ጠባቂነቱም ሥራ ከመንግሥቱ ጋር አለፈ፤ ንቀቱ ግን አላለፈም።

ከድሉ በኋላ ገበሬው ገባር ሆኖ ለባለ ጠመንጃው ግብርና ጉልበት ይከፍል ጀመር። ዘመን አልፎ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ተሰለፉ። ከ10 ዓመት በኋላም፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ወታደራዊው መንግሥት የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት የሚያደርግ አዋጅ አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ማንጆዎችም መሬት አገኙ፣ በገበሬ ማኅበርም ገቡ። እንግዲህ መሠረቱ ተለውጧልና አስተሳሰቡም ይለወጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በስብሰባ አብረው የተቀመጡ ሰዎች ከስብሰባው ሲወጡ በገበታ ይለያዩ ነበር፤ ዛሬም በድግስና በለቅሶ የሚለያዩበት ስፍራ አለ። የማርክስና የሌኒን ትምህርት በየስብሰባው ሲሰበክ ኖሮ፣ ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በወደቀ ጊዜ ከየአዳራሹ ወጣ። በአዳራሽ ማንም ያላስተማረው፣ በምድጃ ዳር ለልጅ ሲነገር የኖረው ንቀት ግን እስከ እኛ ዘመን ደረሰ።

የማርክስ ተከታይ ለዚህ መልስ አያጣም። ከማንጆዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ማገዶና ከሰል እየሸጡ ይኖራሉና መሠረቱ ገና በሙሉ አልተለወጠም ይለናል። በዚህ አባባል እውነት አለበት፤ ድኻን መናቅ ይቀላልና። ነገር ግን የማርክስ ባልንጀራ ኤንግልስ ራሱ በ1890 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ፣ ኢኮኖሚ ብቻውን ሁሉን ይወስናል አላልንም፤ ወጣቶች ይህን ከመጠን በላይ ማጉላታቸው በከፊል የእኛ ጥፋት ነው ሲል አስረድቷል። አስተሳሰብም በተራው ኑሮን ይለውጣል፤ የተናቀ ሰው ቅቤና ማሩን የሚገዛው ካጣ ወደ ማገዶው ይመለሳልና።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። መሬትን አዋጅ ያከፋፍላል፤ ገበታን ግን የሚያስፋው የቤቱ ባለቤት ነው። በክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ተቀምጠን አንዱን መጽሐፍ በጋራ የምናነብ ልጆች፣ ከትምህርት ቤቱ በር ወጥተን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ልንለያይ አይገባንም። ክቡራን ወላጆቻችን ሆይ፣ ጓደኞቻችንን ይዘን ወደ ቤት በመጣን ጊዜ የማን ልጅ ነው ብላችሁ ሳትጠይቁ ቡናውን አብራችሁ እንድታጠጡን በትሕትና እንለምናለን። ከዚህ የተማርነውን በቤት ካላየነው የትምህርታችን ፍሬ ከንቱ ይሆናል።

እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።