ከቡና ገለፈት እስከ ባትሪ

ከእንጦጦ ወደ የካ በሚወርደው መንገድ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶችን ታገኛላችሁ፤ ወገባቸው ጎብጦ፣ ሸክሙ ከትከሻቸው ግራና ቀኝ ተርፎ። ጭራሮው፣ ከእንጨት ቤት የሚወጣው ሰጋቱራና የቡና ገለፈት ሁሉም ካርቦን አላቸው። ካርቦን ደግሞ እንደገና የሚሞላ ባትሪ አንዱ አካል ነው።

ለባትሪ የሚሆነውን ካርቦን መሥራት ከሰል ከማክሰል ይጀምራል፤ እሳቱ ግን ይበረታል። ተረፈ ምርቱ ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ከ1000 እስከ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጋላል። የሚቀረው ካርቦን እንደ ግራፋይት ተስተካክሎ አይደረደርም፤ ንጣፎቹ ተዘበራርቀው በመካከላቸው ጥቃቅን ክፍተት ይተዋሉ። የሶዲየም ባትሪ ሲሞላ ሶዲየም እዚያ ይገባል፣ ኃይል ሲሰጥ ይወጣል። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ግራፋይት ሶዲየምን እምብዛም አይቀበልም፤ ስለዚህ የሶዲየም ባትሪ ይህን ካርቦን ይፈልጋል። የጃፓኑ ኩራሬይ ኩባንያ ከኮኮናት ቅርፊት ይሠራዋል።

አስቸጋሪው ከካርቦኑ ጋር የሚቀረው አመድ ነው። የቡና ገለፈት ፖታሲየም፣ የእህል ጭድ ደግሞ ሲሊካ ይበዛበታል፤ በአሲድና በውኃ በደንብ ካልታጠበ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የባትሪ ጉዳይ የሁላችንም ሆኗል። የእንጦጦ ቅጠል ግን ለዚህ ሥራ መታሰብ የለበትም እላለሁ፤ የብዙ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በእሱ ነው፣ የተሸካሚዎቹም ገቢ ነው። መጀመር ያለብን በየቡና መፈልፈያው ደጅ ተከምሮ ከሚበሰብሰው ገለፈት ነው።