የልብ መድኃኒት ለጉበት ሕመምተኛ

ከሹም አቦ የመጣ ሕመምተኛ «ጉበቴን ነው የታመምኩት፤ የልብ መድኃኒት ለምን ታዘዘልኝ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን ለዓመታት እያቆሰለ ወደ ጠባሳ ይለውጠዋል። ከአንጀት የሚመጣው ደም በጠባሳው ማለፍ ሲሳነው ግፊቱ ይጨምራል፤ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያሉ ደም ሥሮች ያብጣሉ። ከፈነዱ ሕመምተኛው ደም ያስታውካል፤ ለሞትም ሊዳረግ ይችላል። ፕሮፕራኖሎል ዳግም መድማትን እንደሚቀንስ እነ ዲዲዬ ለብሬክ ከፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳይተዋል። በጣና ዳር ቢልሃርዚያም ይህንኑ ግፊት ስለሚያመጣ፣ ሕመምተኛው ከቫይረሱ ነፃ ስለሆነ ብቻ አንዘናጋ።

አንድ ነገር ላይ ግን ላጥብቅ፤ አቴኖሎል የፕሮፕራኖሎል ምትክ አይደለም። ፕሮፕራኖሎል ቤታ 1ን ዘግቶ የልብን ሥራ ይቀንሳል፤ ቤታ 2ን ዘግቶ ደግሞ ወደ አንጀት ደም የሚወስዱትን ሥሮች ያጠብባል። አቴኖሎል በአብዛኛው የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራል። «ያው ቤታ ብሎከር ነው» ብሎ መለወጥ የልብ ምቱን አሳምሮ ሕመምተኛውን በቂ መከላከያ ማሳጣት ነው። ካርቬዲሎል ከተገኘ መልካም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የባቬኖ 7 ስምምነትም ያስቀደመው እርሱን ነው።

አስም ላለበት ግን አይሰጥም። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሕመምተኛ የላይኛው የደም ግፊቱ ከ90 በታች ከወረደ መጠኑ ይቀነስ ወይም ይቁም። ቫይረሱንስ? እርሱን የሚገታው ቴኖፎቪር ነው፤ ፕሮፕራኖሎል አይነካውም።