ትንሿ ባቡራችን፦ ከእሳቱ በፊት ውሃው

(ገዳሪፍ ላይ በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ዓርብ ዓርብ ከልጆቹ ጋር የምትሠሯት ባቡር ምንድን ናት? እስቲ ንገሩን» ስላለን እነሆ ቆመናል። እኛ መሐንዲሶች አይደለንም። ሁለታችን ባለሱቆች፣ አንዱ ፍሪጅ ጠጋኝ፣ አንዱ ደግሞ የትራክተር መካኒክ ነን። ስለዚህ የቃል ስህተት ብታገኙብን በይቅርታ እለፉን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በደስታ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰፈራችን ልጅ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ከሱቃችን ለምኖ ወሰደ። ልጆቻችን ከጣሳና ከሽቦ መኪናና ባቡር እንደሚሠሩ ታውቃላችሁ፤ እኛም በልጅነታችን ሠርተናል። ይህ ልጅ ግን ባቡሩ በገመድ ሳይጎተት በራሱ እንዲሄድ ፈለገ። ጣሳው ውስጥ ውሃ ጨመረ፣ ክዳኑን በመዶሻ መትቶ አጠበቀ፣ ከሰል ምድጃ ላይ ጣደው። ክዳኑ እንደ ጥይት ጮኾ ተፈናጠረ፤ የፈላው ውሃ ክንዱን ከአንጓው እስከ ክርኑ ላጠው። ልንጠይቀው ስንሄድ እናቱ «ጣሳውን የሰጣችሁት እናንተ፤ ማስተማሩንስ ለማን ተዋችሁት?» አለችን። መልስ አልነበረንም። በሰፈሩም ልጆች ከእሳት ጋር የሚነካካ ነገር ሁሉ ይከልከሉ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። እኛ ግን ተመካክረን፣ የተከለከለ ልጅ ተደብቆ እንደሚሞክር ስለምናውቅ፣ አብረነው በትክክል ብንሠራው ይሻላል አልን።

ልጆች ሆይ፤ «ባቡር» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በጣሊያንኛ እንፋሎት «ቫፖሬ» ይባላል። እኛ ዘንድ በዓረብኛ በኩል አልፎ ባቡር ሆኖ ደረሰ። እንግዲህ ባቡር ስንል ሳናውቀው እንፋሎት ማለታችን ነው። «ሐዲድ» ደግሞ በዓረብኛ ብረት ነው፤ ሱዳናውያን ወንድሞቻችን ምድር ባቡሩን «ሲካ ሐዲድ»፣ የብረት መንገድ ይሉታል። ይህ የብረት መንገድ ከቀይ ባሕር በኩል መጥቶ በ1924 ከሰላ ገባ፤ ከዚያም በገዳሪፍ አልፎ በ1929 ሰናር ላይ ከሌላው መስመር ጋር ተገናኘ። የሐዲዱ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። የምጽዋና የአስመራው 950፣ የጅቡቲና የአዲስ አበባው አሮጌ መስመር ደግሞ 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። የእኛይቱ ትንሿ ባቡር ሐዲድ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፤ ነገር ግን እውነተኛ ውሃ ታፈላለች፣ በእውነተኛ እንፋሎት ትሄዳለች።

ብዙ ሰው ትንሹ ባቡር ከትልቁ የተቀዳ ይመስለዋል። እንዲያውም ትንሹ ነው የቀደመው። በ1670ዎቹ ፌርዲናንድ ፌርቢስት የተባለ ሚሲዮናዊ በቻይና ንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት በእንፋሎት የምትገፋ ትንሽ ጋሪ እንደሠራ ጽፏል። በ1784 ዊልያም መርዶክ የተባለ ባለሙያ በእንግሊዝ አገር ባለሦስት እግር ትንሽ የእንፋሎት ጋሪ ሠራ። አንድ ሌሊት ከቤት ውጭ ሲሞክራት እየነደደች አምልጣ፣ የአካባቢው ቄስ ሰይጣን መጣ ብለው ደነገጡ ተብሎ ይተረካል። ሪቻርድ ትሬቪቲክ ዕቃና ሰው የጫነ የእንፋሎት ባቡር በሐዲድ ላይ ያስኬደው ከዚያ በኋላ፣ በ1804 ነው።

ትልልቆቹ ባቡሮች ዓለምን ከሞሉ በኋላም ትንሾቹን መሥራት አልቀረም። በ1898 ለንደን ላይ የአነስተኛ ሞተር ሠሪዎች መጽሔትና ማኅበር ተመሠረቱ። በ1920ዎቹ ደግሞ «ኤል ቢ ኤስ ሲ» በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ ሰው፣ በከሰል የምትነድ ትንሽ ባቡር ሰው ተቀምጦባት መጎተት እንደምትችል በተግባር አሳየ። ከዚያም ተራ ሠራተኛ በቤቱ ጓዳ እንዲሠራት ደረጃ በደረጃ እየጻፈ ለዐሥርት ዓመታት አስተማረ። ዛሬ ሐዲዳቸው 89፣ 127 እና 184 ሚሊ ሜትር በሆኑ ባቡሮች ላይ በብዙ አገር አባቶች ልጆቻቸውን አስቀምጠው በመናፈሻ ይነዳሉ።

የሚኪ ማውስ ባለቤት ዋልት ዲዝኒም ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1950 በቤቱ ግቢ ሐዲድ ዘርግቶ፣ በባለቤቱ ስም «ሊሊ ቤል» ያላትን ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ይነዳ ነበር። በ1953 ግን ባቡሯ ከሐዲድ ወጥታ፣ ያመለጠው እንፋሎት አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ አቃጠለ። ዲዝኒም ያንን መስመር ዘጋው። ይህን የምንነግራችሁ ገንዘብና ባለሙያ የሞላው ሰው ቤት እንኳ እንፋሎት ይቅር እንደማይል እንድታውቁ ነው። የእኛ ልጅ ሞኝ ስለሆነ አልተቃጠለም፤ የሚነግረው ስላጣ ነው።

በአገራችንም የእንፋሎት ታሪክ አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሠርኪስ ቴርዚያን በመንገድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት ሞተር አዲስ አበባ አስገብቶ፣ ሕዝቡ «የሠርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አወጣለት። ምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በባቡር ጋራዧ የእጅ ባለሙያዎችን አፈራች። ጎረቤታችን አስመራ ላይ የሆነው ግን ከሁሉ ይገርመናል። ከምጽዋ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣው መስመር በጦርነት ፈርሶ፣ ሐዲዱ ለምሽግ መሥሪያ ውሎ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ተጠርተው፣ በ1938 የተሠሩ ባቡሮችን ሳይቀር እየጠገኑ፣ በ2003 ከምጽዋ አስመራ አገናኙት። ብረቱ ቢፈርስም ሙያው በሽማግሌዎቹ እጅ ውስጥ ነበረ። እነዚያ ሰዎች ሳያስተምሩ አልፈው ቢሆን ኖሮ ማን ያነሣው ነበር?

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። እናቶቻችን ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ጀበና ሲፈላ እንፋሎቱ በአፉ ይወጣል፤ መውጫ ስላለው አይፈነዳም። መውጫውን ብትደፍኑት ግን ጀበናው ቦምብ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሁሉም ቢተን ወደ 1,600 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል። ይህ ሁሉ ጠባብ ቤት ውስጥ ሲታፈን ይገፋል፤ ባቡርን የሚያንቀሳቅሰው ይኸው ግፊት ነው። እንፋሎቱ ከቦይለሩ በቧንቧ ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ጎማውን ያዞራል። በትልቁ ባቡር ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲተነፍስ «ቹፍ፣ ቹፍ» ይላል፤ ሲወጣም ጭሱን ስቦ ወደ እሳቱ አየር ያስገባል። ስለዚህ ባቡሩ ጭነት በከበደው መጠን እሳቱ ራሱ ይበረታል።

ትንሿን ባቡር መሥራት ትልቁን አሳንሶ መቅዳት ብቻ አይደለም። ርዝመቷ ከትልቁ በ10 እጅ ቢያንስ፣ የቦይለሯ ገጽ በ100፣ የምትይዘው ውሃ ግን በ1,000 እጅ ያንሳል። ውሃዋ ጥቂት፣ ቅዝቃዜ የሚያገኘው ገጿ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ትበርዳለች። በዚህ እንኳ የገዳሪፍ ሙቀት ረድቶናል።

የእኛን የሠራናት እንዲህ ነው። ለቦይለር የምትሆን ሁለት ኢንች ስፋት፣ ግማሽ ስንዝር ያህል ርዝመት ያላት የመዳብ ቧንቧ ከአሮጌ ብረት ነጋዴ ገዛን። ዳርና ዳሯን ፍሪጅ ጠጋኙ በብር ዘንግ በየዳት። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚጠቀምበት ሊድ ለዚህ አይሆንም፤ ውሃው ካለቀ እሳቱ ያቀልጠዋል። ሲሊንደሩን ከአሮጌ የነሐስ ቧንቧ መክፈቻ በቶርኖ አስወጣን፤ ልጆቹ ደግሞ በሰጌቶ ቆርጠው በሊማ አስተካከሉት። ሞርሳ ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊማ መግፋት ለልጅ ቀላል ትዕግሥት አይደለም። የደኅንነት ቫልቩ በሞላ የተያዘች ትንሽ ጥይት መሳይ ብረት ናት፤ ግፊቱ 2 ባር ሲያልፍ ተነሥታ እንፋሎቱን ታስተነፍሳለች። 2 ባር የአንድ ቤት መኪና ጎማ ያህል ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቦይለሯን ያለ እሳት ፈተንናት። አየር እንዳይቀር በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን፣ በእጅ ፓምፕ እስከ 4 ባር፣ ማለት እስከ ሥራ ግፊቷ እጥፍ ገፋን። በመጀመሪያው ፈተና አንድ ጥግ ላይ ውሃ አለበች። ማንም አልተጎዳም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳዳ ሲያገኝ ይፈስሳል እንጂ እንደ እንፋሎት አይፈነዳም። እንደገና በየድናት፣ እንደገና ፈተንናት፣ ያዘች። በሦስተኛው ወር አንድ ማታ ሁለት ሲኒ ተኩል ውሃ ጠጥታ፣ በስፒሪቶ እሳት ዐሥር ደቂቃ ያህል በግቢው ዞረች። ልጆቹ እየጮኹ ተከተሏት፤ እኛም፣ እውነቱን እንናገር፣ ከልጆቹ ጋር ጮኸናል።

ወላጆች ሆይ፤ ከዚህ ንግግር ሌላው ቢረሳ የሚከተለው አይረሳ። የታሸገ ጣሳ እሳት ላይ አይጣድ፤ ጣሳ ቦይለር አይደለም። ያልተፈተነ ቦይለር አይለኮስ፤ የደኅንነት ቫልቭ በምንም ምክንያት አይታሰር። የፈላ የትራክተር ራዲያተር ክዳን እንደማይከፈት ሁሉ የባቡሯም የውሃ መሙያ ሳትበርድ አይከፈት። ስፒሪቶ እሳቱ በፀሐይ ስለማይታይ በምሽት እንነዳታለን፤ እሳት እያለ ስፒሪቶ አይጨመርም። ለውሃዋም ከካሮ ከምንገዛው ይልቅ በክረምት ያጠራቀምነውን የዝናብ ውሃ እንሰጣታለን፤ ሌላው ውስጧን ድንጋይ ያስይዛታል።

ልጆቹም ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ቃል አለ፤ «ከእሳቱ በፊት ውሃው»። ይህ የእኛ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በ1897 ከዋዲ ሐልፋ እስከ አቡ ሐመድ በበረሃው ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ጣቢያዎቹ በቁጥር ይጠሩ ነበር፤ የጉድጓድ ውሃ የተገኘው በ4ኛውና በ6ኛው ጣቢያ አጠገብ ነው። ውሃ ባይገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ብረትና ከሰል አሸዋ ላይ በቀረ ነበር።

በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ወገኖቻችን ከነልጆቻቸው ወደዚህ መጡ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ልጆቹ በየጥላው ተቀምጠው ዋሉ። አራት የነበሩት የዓርብ ልጆቻችን ዐሥራ አራት ሆኑ። ስንት የጎረቤት ልጅ ከዚህ ከተማ ደላላ ተከትሎ ወደ ሊቢያ እንደወጣ፣ ስንቱስ ድምፁ እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ትንሽ ባቡር ያንን መንገድ ትዘጋለች አንልም። ነገር ግን እጁ ሥራ ያጣ ልጅ እግሩ መንገድ ይፈልጋል። ከእኛ ጋር ሊማ መግፋት ከጀመሩት አንዱ ዛሬ ፍሪጅ ጠጋኙ ዘንድ ተቀጥሮ እናቱን ይረዳል።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምንለምነው ጥቂት ነው። በግቢው ጥግ አንድ ጥላ፣ አንድ ሞርሳ የሚታሰርበት ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ከእናንተም መካከል ሙያ ያለው ሰው በወር አንድ ዓርብ። ብየዳ፣ ስፌት፣ አናጢነት፣ ሬዲዮ ጥገና፣ ምንም ይሁን። ባቡር መሆኑ ግዴታ አይደለም።

ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ባቡሯ በዚሁ ግቢ ትዞራለች። የሚነዳት ያ ክንዱ የተቃጠለው ልጅ ነው፤ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። እናቱም እዚህ አለች። መጀመሪያ ውሃውን ለክቶ ሲያሳያችሁ ታዩታላችሁ፤ ክብሪቱን የሚጭረው ከዚያ በኋላ ነው። ሕፃናትን ይዛችሁ ከገመዱ ወዲህ ቁሙልን።

ፈጣሪ ለአገራችን ለኢትዮጵያና ላስጠጋችን ለሱዳን ሕዝብ ሰላሙን ያውርድ። ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩ ያድርስልን።